ሳይሸጥ የነገሠ ዘፈን፦ በፒክሲስ «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» ላይ የተደረገ ክርክር

የመክፈቻ መልእክት

አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጥያቄውም ጋር የራሴን አቋም። የአሜሪካው ባንድ ፒክሲስ «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» («አእምሮዬ የት አለ?») የተሰኘውን ዘፈን በቦስተን ከተማ የቀረፀው በዲሴምበር 1987 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዘፈኑ «ሰርፈር ሮዛ» በተባለው አልበም ሰባተኛ ተራ ላይ ተቀምጦ በማርች 1988 ወጣ። ያን ጊዜ ለብቻው በነጠላ ዜማነት አልታተመም። ለዚያ ክብር የተመረጠው ከዚያው አልበም «ጃይጋንቲክ» ነበር፤ እርሱም በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 93ኛ ደርሶ ቆመ። አልበሙ በአሜሪካ የግማሽ ሚሊዮን ቅጂ የወርቅ ማዕረግ ያገኘው በ2005፣ ከወጣ ከ17 ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ግን ሮክ አላዳምጥም የሚል ሰው እንኳ መግቢያው ሲሰማ ቀና ይላል።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በ1999 «ፋይት ክለብ» የተባለው ፊልም መዝጊያው ላይ ስላሰማው ነው ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ፊልም መጨረሻ ላይ የሚገቡ ዘፈኖች እልፍ ናቸው፤ ተመልካቹ ከመቀመጫው ሳይነሣ ይረሳቸዋል። ይህኛው ያልተረሳው በራሱ ጉልበት ነው፤ የጉልበቱም ምንጭ የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ኪም ዲል ከበስተኋላ የምታወጣው ቃል የሌለው ዜማ ነው። ያንን ድምፅ ብታወጡት የሚቀረው ደኅና የሮክ ዘፈን ነው፤ ይህን ያህል ዕድሜ ግን አይኖረውም ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አገላለጽ እነሆ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ስለ ድምፁ በተናገርኩት እንደሚስማማ፣ ፊልሙን ግን ይህን ያህል መግፋት እንደማይገባ በትሕትና ገለጸ። እርሱ ራሱ ዘፈኑን ያወቀው በዚያ መዝጊያ ነው። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመስኮት ሕንፃዎች ሲፈርሱ እያዩ ሙዚቃው ሲገባ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ መተንፈስ እንደረሳ ጻፈ። በማግሥቱ አልበሙን ፈልጎ ገዛ። እኔም አልክደውም፤ እንደ እርሱ ያለው አድማጭ ብዙ ነው።

2. ሁለተኛዋ ለአንደኛው መልስ ሰጠች፤ የክሩን፣ ማለትም የዚህን የመልእክት ልውውጥ፣ አቅጣጫም ያስተካከለችው እርስዋ ናት። ፊልሙ ራሱ በሲኒማ ቤት የከሰረ እንደነበር አስታወሰች፦ ለመሥራት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 37 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ይህ የዳይሬክተሩ የዴቪድ ፊንቸር ፊልም ስም ያገኘው በኋላ፣ በዲቪዲ እየተሸጠና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ስለዚህ አንድ የተሳካለት ፊልም አንድ ያልታወቀ ዘፈን ተሸክሞ አወጣ የሚለው ታሪክ አይቆምም፤ ሁለቱም ገበያው የናቃቸው ሥራዎች ናቸው፣ ሁለቱም ቀስ ብለው አብረው ወጡ ብላለች። ይህን መልስ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

3. ሦስተኛው አዲስ ገቢ ነው። ዘፈኑን ሰምቶት እንደማያውቅ ገልጾ፣ ከየት ልጀምር ሲል ጠየቀ። ብዙ ሰው አልፎት ሄደ።

4. አራተኛው ጊታር ያስተምራል። ክርክሩን ከስሜት አውጥቶ ወደ ጣት አወረደው። ዘፈኑ የሚዞረው በአራት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ የድምፆች ስብስብ) ላይ ነው፦ ኢ፣ ሲ ሻርፕ ማይነር፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ። ነገሩ ሁሉ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው አለ። በኢ ሜጀር ቅኝት ሕግ ከሄድን ጂ ሻርፕ ማይነር (ሐዘን ያዘለ) መሆን ነበረበት፤ እነርሱ ግን ሜጀር (ፈካ ያለ) አደረጉት። በዚህም ከቅኝቱ ውጭ የሆነ አንድ ድምፅ ይገባል፤ ጆሮ ወደ ሲ ሻርፕ ማይነር እንመለሳለን ብሎ ሲዘጋጅ ዘፈኑ ወደ ኤ ያመልጣል። አድማጭ ስሙን ባያውቀውም መሬቱ ከእግሩ ሥር ትንሽ እንደተንሸራተተ ይሰማዋል፤ አእምሮው የጠፋበት ሰው ዘፈን ለመሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በዚያ ላይ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆይ ሳንቲያጎ በጥቂት ኖታ ብቻ የሚደጋግመው የጊታር ዜማ አለ፤ ጀማሪ ተማሪ በአንድ ቀን የሚይዘው፣ ነገር ግን ማንም እንደ እርሱ የማያስለቅሰው። በመጨረሻም ለእኔ፦ ዘፈኑን ያቆመው ኮርዱ ነው፣ ድምፅዋ ጌጥ ነው ብሎ ደመደመ። ጌጥ የሚለውን ቃል አልወደድኩትም፤ ስለ ኮርዱ የጻፈው ግን በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኩት ትምህርት ሁሉ የተሻለው ነው።

5. አምስተኛው ለአራተኛው የሰጠው መልስ ቆጣ ያለ ነበር። እንዲህ ያለው ኮርድ በብዙ ዘፈን ውስጥ አለ፤ እነዚያ ሁሉ ለምን ክላሲክ አልሆኑም ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወደ ቀረፃው ገባ። ቀረፃውን የመራው ስቲቭ አልቢኒ በማሽን የሚጨመር ማሚቶ አይወድም ነበር። ስለዚህ የኪም ዲልን ድምፅ በዚህ ዘፈንና በ«ጃይጋንቲክ» ላይ የቀረፀው ስቱዲዮው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። የምንሰማው ርቀት የእውነት ርቀት ነው አለ፤ ግድግዳ አለው።

6. ስድስተኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ የድምፅ ባለሙያ ናቸው፤ እርጋታቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። የአምስተኛውን ሐሳብ ደግፈው አሠራሩን አብራሩ። በማሽን የሚሠራ ማሚቶ አብዛኛውን ጊዜ በተቀረፀ ድምፅ ላይ በኋላ የሚለበስ ነው። ክፍሉ ራሱ ሲያስተጋባ ግን ዘፋኙ የገዛ ድምፁን ተመልሶ ሲመጣ እየሰማ ይዘፍናል፤ ከክፍሉ ጋር ይስማማል፣ ትንፋሹን ይለካል። አድማጩ ያንን መስማማት ይሰማል። እርሳቸው እንዳሉት የባንዱ ዘፋኝ ብላክ ፍራንሲስ ጆሮ አጠገብ ነው፣ ዲል ሌላ ክፍል ውስጥ ናት፤ ዘፈኑ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። እኔ በመክፈቻው ላይ ልናገር የፈለግሁትን እርሳቸው በሁለት መስመር ጨረሱት። ሲያበቁም አልቢኒ ለዚህ ሥራ የተከፈለው 1,500 ዶላር ብቻ እንደነበርና ከሽያጩ ምንም ድርሻ እንዳልወሰደ ጨመሩ።

7. ይህች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ክሩን ከመንገዱ አወጣችው። ሰባተኛው፣ ከ17 ዓመት በኋላ ወርቅ የሆነ አልበም ላይ ድርሻ አለመውሰድ ሞኝነት ነው አለ።

8. ስምንተኛው ወዲያው ተነሣበት። አልቢኒ በኋላ ኒርቫና ለተባለው የሮክ ባንድ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ እንዲከፈለው መጠየቁን አስታወሰ፦ ሥራውን ይሠራል፣ ዋጋውን ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የባንዱ ነው። በሚሊዮን የሚሸጥ ባንድ ፊት ይህን ማለት ሞኝነት ሳይሆን እምነት ነው፤ ሁሉን ነገር በገንዘብ የሚለካ ሰው ግን ይህን ሊረዳ አይችልም ብሎ ሰባተኛውን ወጋው።

9. ዘጠነኛው ደግሞ ስምንተኛውን። ሰውየውን ጻድቅ አታድርጉት አለ። ይኸው አልቢኒ በ1991 ስለ ፒክሲስ በአንድ መጽሔት ላይ እጅግ የሚያዋርድ ነገር ጽፎ እንደነበር፣ በኋላም በዚያ መጸጸቱን አነሣ። የቀረፀውን ሙዚቃ ያኔ ራሱ አላከበረውም ነው ነገሩ።

10. አሥረኛዋ ሦስቱንም ገሠጸች። ሰውየው በሜይ 2024 በ61 ዓመቱ አርፏል፤ ስሕተቱን ራሱ አምኖ በይፋ ተናግሮበታል፤ ከዚህ በላይ ምን ፈለጋችሁ ስትል ጠየቀች። እዚህ ላይ እኔም ገብቼ ወደ ዘፈኑ እንድንመለስ ለመንኩ።

11. አሥራ አንደኛው የተመለሰው በተሳሳተ እግር ነው። ዘፈኑ ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ፣ ስለ ፊልሙ ባለታሪክ የአእምሮ ሕመም የሚናገር ነው ብሎ በሙሉ ልብ ጻፈ።

12. አሥራ ሁለተኛው ከመክፈቻው መልእክት የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲያነብ በአጭሩ ነገረው። ዘፈኑ ፊልሙን በ11 ዓመት ይቀድመዋል። ከዚያም የግጥሙን መነሻ አስረዳ፦ ብላክ ፍራንሲስ፣ በእውነተኛ ስሙ ቻርልስ ቶምፕሰን፣ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ አንዲት ትንሽ ዓሣ ታሳድደው ነበር፤ ከዚያ የመጣ ነው። ሌሎች ከባድ ምሥጢር የሚፈልጉበት ግጥም በአንድ ዋናተኛና በአንዲት ዓሣ መካከል የሆነ ነገር ነው። ይህ ዘፈኑን ያሳንሰዋል የሚል ካለ አልስማማም። ባሕር ውስጥ ላይና ታች ይምታታል፣ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አራተኛው ስለ ኮርዱ፣ ስድስተኛው ስለ ርቀቱ የነገሩን ሁሉ ከዚያ ውኃ ጋር ይገጥማል።

13. አሥራ ሦስተኛው የኒርቫናውን ዘፋኝ የኩርት ኮቤይንን ስም ጠራ፤ መጠራቱ አይቀርም ነበር። ኮቤይን በጃንዋሪ 1994 በሮሊንግ ስቶን መጽሔት በታተመ ቃለ ምልልሱ የኒርቫናን ትልቁን ዘፈን ሲጽፍ ፒክሲስን ለመኮረጅ እየሞከረ እንደነበር ተናግሯል። የኒርቫናን የ1993 አልበም እንዲቀርፅ አልቢኒን የመረጠውም «ሰርፈር ሮዛ»ን ስለሚወድ ነው። ስለዚህ ይላል መላሹ፣ አልበሙ ለጥቂት ሰው ቢሸጥም የገዛው ሰው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ሽያጭ የሚቆጥረው እጅን ነው፤ በእጁ ምን እንደተሠራበት አይቆጥርም።

14. አሥራ አራተኛዋ በዚህ አልተሸነፈችም። ኮቤይን ያወራው ስለ ባንዱ አሠራር፣ ዝግ ካለ ድምፅ ወደ ጩኸት ስለ መዝለል ነው፤ ስለዚህ ዘፈን አይደለም። ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ቢያደንቅ ሌላ ሙዚቃ ይወለዳል እንጂ ተራው ሰው ዘፈኑን ማንጎራጎር አይጀምርም ስትል ተከራከረች። ትክክል ናት። የባንዱ ዝና እና የዘፈኑ ዝና በሁለት መንገድ ነው የሄዱት፤ ሰዎች ግን ዘወትር ይደባልቋቸዋል።

15. አቋሜን በእውነት የፈተነው አሥራ አምስተኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ እንደምትለው ታናሽ ወንድምዋ ይህን ሙዚቃ የሚያውቀው በፒያኖ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ፒያኖ ተጫዋች ማክሳንስ ሲራን የሠራው ቅጂ «ዘ ሌፍትኦቨርስ» እና «ሚስተር ሮቦት» በተባሉ የቴሌቪዥን ድራማዎች ውስጥ ተሰምቷል፤ ልጁም ከዚያ ወስዶ ይለማመደዋል። ዘፋኝ እንዳለውም አያውቅም ነበር። እንግዲህ የዲል ድምፅ በሌለበት፣ የፍራንሲስም በሌለበት፣ መታጠቢያ ክፍሉም በሌለበት ዜማው ብቻውን ሰው የሚይዝ ከሆነ፣ የእኔ ክርክር የት ይገባል? ጥያቄው ከባድና በአክብሮት የቀረበ ነበር። የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ ቃል የሌለው ድምፅ ከቋንቋም ከዘፋኝም ነፃ ነው። ዲል የዘፈነችው ግጥም ቢሆን ኖሮ ፒያኖ ሊወስደው አይችልም ነበር። ለሌላ መሣሪያ የተመቸ ያደረገችው እርስዋ ናት፤ የፒያኖው ቅጂ የእርስዋ ልጅ ነው እንጂ ተቀናቃኝዋ አይደለም።

16. አሥራ ስድስተኛው የሌሎችን ቅጂዎች አከለ። በ2003 ፕላሲቦ የተባለው ባንድ በፓሪስ ሲጫወተው ብላክ ፍራንሲስ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ዘፍኗል። ዘፋኟ ኤም አይ ኤ በ2007 «ካላ» በተሰኘው አልበምዋ ውስጥ ከዚህ ዘፈን ወስዳለች። ይህን ብሎ ሲያበቃ፣ ስለ ሸክላና ስለ ሲዲ የድምፅ ጥራት ልዩነት ረጅም አንቀጽ አስከተለ። እርሱን አልፌዋለሁ።

17. አሥራ ሰባተኛው በእኔ ላይ መጣ። ዘፈኑን የደረሰው ብላክ ፍራንሲስ ብቻ ነው፣ በደራሲነት የተመዘገበውም የእርሱ ስም ነው፤ የጻፈውን ሰው ትቶ ተቀባይዋን ማንገሥ ታሪክ ማዛባት ነው አለኝ። አድናቂዎች ባንዱ ከተለያየ በኋላ ለዲል አድልተው የኋላውን ጠብ ወደ ፊተኛው ሥራ ወስደው ይለጥፋሉ የሚል ክስም ጨመረ። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ስለ ደራሲነቱ ያለው ግን ልክ ነው፤ እኔም ደራሲው ሌላ ነው አላልኩም። ዘፈን በወረቀት ላይና ዘፈን በጆሮ ውስጥ ሁለት ነገር ናቸው፤ እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

18. አሥራ ስምንተኛዋ ደሟ ፈላ። ስለ ጠብ ካነሣህ ሙሉውን አንሣ አለችው፦ በ1993 ፍራንሲስ የባንዱን መፍረስ በሬዲዮ ቃለ ምልልስ ተናገረ፤ ለዲልና ለከበሮ መቺው ዴቪድ ላቨሪንግ ደግሞ በፋክስ አሳወቃቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ አያስፈልገውም ስትል ጻፈች። ሁለቱ ከዚህ በኋላ የተለዋወጡት ነገር ስለ ሙዚቃ አልነበረም፤ አወያዩ አስጠነቀቃቸው፣ የተወሰነውንም አነሣው።

19. አሥራ ዘጠነኛው ጠቡን ያበረደው በአንድ ታሪክ ነው። ባንዱ በ1986 ቦስተን ውስጥ ሲመሠረት ፍራንሲስና ሳንቲያጎ ቤዝ ተጫዋች ለመፈለግ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ። የፈለጉት ጯኺውን ባንድ ሁስከር ዱንም፣ ለስለስ ያሉትን ፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪንም የሚወድ ሰው ነው። ለማስታወቂያው መልስ የሰጠችው ኪም ዲል ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ጊታር እንጂ ቤዝ አልነበራትም። መላሹ ይህን ካለ በኋላ፣ ለአሥራ ሰባተኛውም ለአሥራ ስምንተኛዋም ሳያዳላ፣ ጩኸትንና ለስላሳን በአንድ ላይ የሚወድ ሰው የፈለገው ፍራንሲስ ነው፤ የተገኘችው ግን ዲል ናት፤ ዘፈኑ የሁለቱ ፍላጎት መገናኛ ነው ብሎ ተወው። ማንም አልተቃወመውም።

20. ሃያኛው ባንዱ በ2004 ዳግም ከተሰባሰበ በኋላ በመድረክ አይቷቸዋል። ሕዝቡ የፍራንሲስን ግጥም ከመዝፈን ይልቅ የዲልን ቃል አልባ ዜማ ነበር በአንድ ድምፅ የሚያወጣው ይላል። በ2013 ዲል ከባንዱ ስትወጣ ዘፈኑ ያበቃለታል ብሎ ሰግቶ እንደነበር፣ ነገር ግን ሌሎች ሴቶች በእርስዋ ቦታ ቆመው ያንኑ ዜማ ሲያወጡ አድማጩ እንደ ድሮው መቀበሉን ጻፈ። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ስለታም ጥያቄ ጠየቀኝ፦ የማይተካው የዲል ጉሮሮ ነው ወይስ የዲል ዜማ? በመድረክ ላይ ዜማው ይበቃል። በቀረፃው ላይ ግን ጉሮሮው ነው፤ ስድስተኛው የነገሩን ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ቀን የቆመችው እርስዋ ናትና። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ የሚያደምጠው ደግሞ ቀረፃውን ነው።

21. ሦስተኛው ተመልሶ መጣ። እስከዚያ ድረስ ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ ሰምቶታል። ያስተዋለውን ነገር ከእኛ ማንም አላነሣውም ነበር፦ ገና ሲጀመር የዲል ድምፅ ብቻውን ይሰማል፣ ከዚያ ፍራንሲስ ቁሙ ሲል ያቋርጣታል፣ ወዲያው አኩስቲክ ጊታሩ ይነሣል። ይህ ሳይታሰብ የገባ የስቱዲዮ ንግግር ነው ወይስ የዘፈኑ አካል ብሎ ጠየቀ።

22. ጊታር መምህሩ የዘፈኑ አካል ነው አለ፤ ያለ እርሱ ጊታሩ ከየት እንደተነሣ አይታወቅም።

23. የድምፅ ባለሙያው በዚህ አልተስማሙም። አልቢኒ የባንዱን የስቱዲዮ ወሬ ሆን ብሎ አልበሙ ውስጥ እንዳስቀረ፣ በሌሎቹ ዘፈኖች መካከልም እንደሚሰማ አስታውሰው፣ ይህም ከዚያው ወገን ነው የሚል ሐሳብ ሰጡ። ሦስተኛው አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ እንዲያዳምጥና ራሱ እንዲፈርድ መከሩት። እኔም የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፦ ቀጥሎ የ1989ኙን «ዱሊትል» ይስማ፤ ያኛው በሌላ ፕሮዲዩሰር፣ በጊል ኖርተን የተሠራ ነውና የክፍሉ ልዩነት ወዲያው ይሰማዋል።